መጀመሪያ ፕሮግራሙን፣ ከዚያ ሲስተሙን፦ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ለሚሻገር ሰው

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። ኢንቴል ከሆነ ፕሮሰሰሩ በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። እዚህ ባሕር ዳር ብዙዎቻችን የምንይዘው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። የኔዋ 4ኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ናት፤ ራሟ 4 ጊጋ። ስለዚህ ምርጫዬ ሁለት ሆነ፤ ወይ ሌላ መግዛት፣ ወይ ሊኑክስ ወደሚባለው፣ በዊንዶውስ ቦታ ወደሚጫን ነፃ ሲስተም መሻገር።

ተሻገርኩ፤ አልቆጨኝም። ግን ቅደም ተከተሉን አበላሽቼው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉንም ፎርማት አድርጌ ሊኑክስ ጫንኩ። በማግስቱ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የምትማረው ታናሽ እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን ይዛ መጣች። ማታ በኔ ላፕቶፕ የመጨረሻ እርማት አደረገችበት። ፍላሽ ላይ ገልብጣ ጠዋት ግቢው አካባቢ ወዳለ ኮፒ ቤት ሄደች። ልጁ ፋይሉን ሲከፍተው ማውጫው ላይ ያለው የገጽ ቁጥርና ውስጡ አልገናኝ አለ። ምዕራፍ ሦስት ከገጽ መሐል ጀመረ። ሠንጠረዡ ለሁለት ተቆረጠ። «እህት፣ ፎንቱ ተቀይሯል እኮ፤ በፒዲኤፍ አላመጣሽውም?» አላት። የማስረከቢያዋ ቀን ነበር። እዚያው ተቀምጣ ገጽ በገጽ ስታስተካክል ግማሽ ቀን ሄደባት።

ሲስተሙንም፣ ፕሮግራሙንም፣ ፎንቱንም በአንድ ቀን ቀይሬ ነበር። ሦስቱ አንድ ላይ ሲቀየሩ ችግሩ ከየትኛው እንደመጣ እንኳ አይለይም። ከድጡ ወደ ማጡ የሚገባው እንዲህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ፕሮግራሙን ቀይሩ። ሊኑክስ ላይ የምትጠቀሙባቸው ዋና ዋና ፕሮግራሞች ዊንዶውስ ላይም ይሠራሉ። ሊብሬኦፊስ (ለጽሑፍ)፣ ጂምፕ (ለፎቶ)፣ ኢንክስኬፕ (ለሎጎና ለባነር)፣ ክደንላይቭ (ለቪዲዮ)፣ ቪኤልሲ፣ ፋየርፎክስ፣ ኪውጂአይኤስ (ለካርታ)፣ ሁሉም። ዊንዶውሱን ሳትነኩ ለ1 ወር በእነሱ ብቻ ሥሩ። ወደ አሮጌው ፕሮግራም በተመለሳችሁ ቁጥር ቀኑንና ምክንያቱን ደብተር ላይ ጻፉ። በወሩ መጨረሻ ያቺ ገጽ ከማንኛውም መካሪ በላይ ትነግራችኋለች። ባዶ ከሆነች ተሻገሩ። አንድ ፕሮግራም ብቻ ደጋግሞ ከታየባት ዊንዶውሱን ሳታጠፉ ሊኑክስን ጎን ለጎን ጫኑ። የሒሳብ ሥራው ፒችትሪ፣ የንድፍ ሥራው አውቶካድና ፎቶሾፕ ከሞሏት ደግሞ እዚያው ቆዩ። እነዚህ ሦስቱ ለሊኑክስ አልተሠሩም፤ እንጀራችሁ በእነሱ ላይ ከሆነ ማንም እንዲያግባባችሁ አትፍቀዱ።

አማርኛ መጻፊያው

ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ኦፊስ ነው። እኔ ግን ከአማርኛ መጻፊያው ጀምሩ እላለሁ፤ ፓወር ግዕዝ የለመደ እጅ ሲስተም ሲቀይር መጀመሪያ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነውና።

ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። በምትኩ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ኪማን ነው። በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በአንድሮይድ ስልክም ይሠራል፤ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው አይባስ የሚባለው የሊኑክስ መጻፊያ ነው፤ ኤም17ኤን የተባለው ተጨማሪ ሲጫንበት አማርኛ ይጽፋል። በሁለቱም ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብላችሁ ስትመቱ «ሰላም» ይወጣል። የሚለያዩት ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ፀ የመሳሰሉት ላይ ነው። እነዚህን ለመልመድ ጥቂት ቀን ያስፈልጋል።

እኔ ኪማንን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ ገና ዊንዶውስ ላይ ሳላችሁ ልትለምዱት ትችላላችሁ። ስትሻገሩ እጃችሁ እንደለመደው ይቀጥላል። አይባስ ግን ከተሻገራችሁ በኋላ ብቻ የምትማሩት ነው።

ቀጥሎ ፎንት። ኒያላ የዊንዶውስ ፎንት ነው፤ ሊኑክስ ላይ የለም። በኒያላ የተጻፈ ፋይል ሊኑክስ ላይ ሲከፈት ሌላ ፎንት ይተካበታል። የፊደሉ ስፋት ይለያያልና መስመሩ ይገፋል፤ መስመሩ ሲገፋ ገጹ ይገፋል። የእህቴ ምዕራፍ ሦስት የተንሸራተተው በዚህ ነው። መድኃኒቱ በሁለቱም ቦታ በነፃ የሚገኝ ፎንት መጠቀም ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለረጅም ጽሑፍ ያምራል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ለርዕስና ለስክሪን ይመቻል። ሊብሬኦፊስ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አሽጎ የማስቀመጥ አማራጭም አለው። ለኮፒ ቤት ግን ምንጊዜም ፒዲኤፍ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የአማርኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መለያ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ መጻፊያዎች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን የተጻፈ የዕድር ደንብ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ወይም የአባታችሁ ደብዳቤ ካለ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚታየው። ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊት እነዚህን ፋይሎች ክፈቷቸውና በፒዲኤፍ አስቀምጧቸው። ፎንቶቹንም ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ይህን ሳያደርግ ፎርማት ያደረገ ሰው አውቃለሁ፤ የ10 ዓመት ጽሑፍ ይዞ ማንበብ ሳይችል ቀረ።

ሊብሬኦፊስ ወይስ ኦንሊኦፊስ?

በማይክሮሶፍት ኦፊስ ምትክ ሁለቱን ብቻ አወዳድራለሁ።

ሊብሬኦፊስ በ2010 እ.ኤ.አ. ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ የወጣ ነው። ሜኑው በአማርኛ ይገኛል፤ የቋንቋ ተጨማሪውን መጫን ብቻ ነው። ባለ 4 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። ገጽታው ያረጀ ከመሰላችሁ «ቪው» ሜኑ ውስጥ «ዩዘር ኢንተርፌስ» ግቡና «ታብድ» የሚለውን ምረጡ፤ ወርድን ይመስላል። ሌላው፣ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ሁልጊዜ በወርድ ዓይነት እንዲያስቀምጥ እዘዙት። ያለበለዚያ በራሱ ዓይነት ያስቀምጥና የላካችሁለት ሰው ይቸገራል። መብራት በየጊዜው ለሚሄድበት ሰፈር ደግሞ ራሱን በየ2 ደቂቃው እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል።

ኦንሊኦፊስ ከወርድ ጋር በጣም ይቀራረባል። ከቢሮ የመጣ ፋይል ከፍታችሁ፣ አርማችሁ፣ መልሳችሁ ስትልኩ ቅርጹን የመጠበቅ ዕድሉ ይበልጣል። በኔ ማሽን ላይ ግን ከበድ ይላል። ብሮውዘርና እሱ አንድ ላይ ሲከፈቱ ላፕቶፗ ሃንግ ታደርጋለች።

ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ። ፋይላችሁ ከሰው ወደ ሰው ይመላለሳል? እንደዚያ ከሆነ ኦንሊኦፊስ። ብቻችሁን ጽፋችሁ በፒዲኤፍ ነው የምታስረክቡት? ሊብሬኦፊስ። ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትእዛዝ) ያለበት ኤክሴል ላይ የምትሠሩ ከሆነ ሁለቱም ያስቸግሯችኋል፤ እሱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ካርታ

የሠርግ ፎቶ ቤት ያለው ሰው ፎቶሾፕን አይተው። ለሌላው ሰው ጂምፕ በቂ ነው፤ በተለይ በ2025 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር የወጣው 3.0 ብዙ ተሻሽሏል። ከዘጌ ጀልባ እስከ እንግዳ ማረፊያ የሚለጠፍ ማስታወቂያ፣ ሎጎ፣ ባነር ለሚሠራ ኢንክስኬፕ ይሻላል። ቪዲዮ ላይ ካፕከት ለሊኑክስ የለም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ አለ፤ ግን ነፃው የሊኑክስ ቅጂ ኤች264 የሚባለውን የቪዲዮ ዓይነት አይከፍትም፤ ስልካችን የሚቀርጸው ደግሞ በብዛት እሱን ነው። ክደንላይቭን ያዙ። «ፕሮክሲ» የሚለውን ካበራችሁት ቪዲዮውን ለሥራ ጊዜ አሳንሶ ስለሚይዘው በደካማ ላፕቶፕም ይቆረጣል።

ካርታ ላይ ግን መሻገር ራሱ ትርፍ ነው። ኪውጂአይኤስ የምትክነት ስሜት የለውም፤ በራሱ የቆመ ሙሉ ፕሮግራም ነው። እህቴ አርክጂአይኤስ ነበር የምትጠቀመው፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ክራክ ያለበት። አንድ ምሽት ሴንቲነል 2 የተባለችው ሳተላይት ያነሳችውን የጣናን ምስል በኪውጂአይኤስ ከፈተችልኝ። ምስሉ በነፃ የሚወርድ ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት ትሸፍናለች። ቀለሙን ቀይራ ተክል ቀይ ሆኖ እንዲታይ አደረገችው። ባሕር ዳርን፣ አባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን አፍ፣ የደንገሉን ዳርቻ አየን። ውሃ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ስታይ «እንቦጭ ሊሆን ይችላል» አለችኝ፤ የሌላ ወር ምስል ደርባ ነጠብጣቡ መንቀሳቀሱን አሳየችኝ። ይህ ሁሉ የሆነው በዚያችው ባለ 4 ጊጋ ላፕቶፕ ነው።

የምህንድስና ተማሪ ከሆናችሁ ሊብሬካድ ለሁለት ገጽታ ሥዕል፣ ፍሪካድ ለሦስት ገጽታ አለ። መምህሩ የአውቶካድ ፋይል ከፈለገ ግን ዊንዶውሱ ጎን ለጎን ይቆይ።

ከየት ነው የሚወርደው?

ይህ ጥያቄ እኛ ጋ ከሌላው አገር ይበልጥ ይከብዳል። ዳታ በፓኬጅ ነው የምንገዛው። ኔትወርክ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የቆየበትንም ጊዜ አንረሳውም። ስለዚህ የፕሮግራሙን ጥሩነት ብቻ ሳይሆን የአመጣጡንም መንገድ አወዳድሩ።

ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም በሦስት መንገድ ይመጣል። የመጀመሪያው ከሲስተሙ የራሱ ማከማቻ ነው። ፋይሉ ትንሽ ነው፤ የሚጋራውን ነገር ሲስተሙ ላይ ካለው ይጠቀማል። ቅጂው ግን ሊያረጅ ይችላል። ሁለተኛው ፍላትፓክ ነው። አዲሱን ቅጂ ይሰጣል፤ ነገር ግን የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ ለአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ብላችሁ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ልታወርዱ ትችላላችሁ። ሦስተኛው አፕኢሜጅ ነው። አንድ ፋይል ነው፤ መጫን አይፈልግም። ፈቃድ ሰጥታችሁ ትከፍቱታላችሁ፤ በቃ። ሊብሬኦፊስ፣ ክደንላይቭ፣ የሥዕል መሣያው ክሪታ፣ ኢንክስኬፕ በአፕኢሜጅ ይገኛሉ።

የኔ ምርጫ ለዕለት ሥራ የሲስተሙ ማከማቻ ነው። አዲስ ቅጂ ስፈልግ አፕኢሜጅ። አፕኢሜጅን የምወደው በፍላሽ ስለሚዞር ነው። አንድ ሰው ዋይፋይ ያለበት ቦታ ያወርዳል፤ ከአባይ ማዶ እስከ ቀበሌ 14 ያለ ጓደኛው ሁሉ ይገለብጣል። ፍላትፓክን ዳታችሁ ካልተረፈ አትንኩት። ሚንት በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የሶፍትዌር ማከማቻው የትኛውን እንደምታወርዱ ከፕሮግራሙ ስም አጠገብ ያሳያችኋል፤ ሳታዩ አትጫኑ።

የትኛው ሊኑክስ ለሚለው አልቆይም። ራሙ 4 ጊጋ ለሆነ ቀለል ያለው ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ፤ 8 ጊጋ ላለው ሚንት ሲናመን። ማውረጃው ወደ 3 ጊጋ ነው። ኡቡንቱ ጥሩ ነው፤ ግን 24.04 ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል፤ የበለጠ ራምም ይፈልጋል። ቬንቶይ በሚባል ፕሮግራም ሁለቱንም አንድ ፍላሽ ላይ አስቀምጣችሁ ሳትጭኑ ልትሞክሯቸው ትችላላችሁ። ስትሞክሩ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ የስክሪኑን ብርሃን፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት መንቃቱን እዩ። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ስልካችሁን በኬብል አገናኙና ዳታውን አጋሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይሠራል።

እግረ መንገዴን ስለ ፍላሽ ልናገር። ሾርትከት ቫይረስ የማያውቅ የለም። ፎልደሩ ጠፍቶ በቦታው ሾርትከት ብቻ ይታያል። ያን ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ስትሰኩት የተደበቀው ፎልደር ይገኛል፤ ቫይረሱም ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የጎረቤቶቼን ፋይል በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ አውጥቻለሁ።

ጌም

እውነቱን ልንገራችሁ። የምትጫወቱት በኢንተርኔት ከሰው ጋር ከሆነ፣ ከመሻገራችሁ በፊት ስሙን አጣሩ። አጭበርባሪ ተጫዋችን የሚቆጣጠረው ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የማይሠራባቸው ጌሞች አሉ። ቫሎራንት፣ ፎርትናይት፣ የቅርብ ዓመታቱ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ አይሠሩም። ጂቲኤ 5 ብቻችሁን ስትጫወቱት ይሠራል፤ ኦንላይኑ ግን ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዝግ ነው። ይህን በቅንብር የሚያልፈው ሰው የለም፤ አትድከሙ።

ከእነዚህ ውጭ ያለው ዓለም ሰፊ ነው። የጌም ኩባንያው ቫልቭ በ2018 እ.ኤ.አ. ፕሮቶን የተባለውን ፕሮግራም ካወጣ ወዲህ ለዊንዶውስ የተሠሩ በጣም ብዙ ጌሞች ስቲም በሚባለው የጌም መደብሩ በኩል ሊኑክስ ላይ ይነሳሉ። ይህን ሰምተው ተሻግረው ያዘኑ ልጆች ግን አይቻለሁ። ምክንያቱ ግራፊክሱ ነው። ፕሮቶን ለአብዛኞቹ ጌሞች ቫልካን የሚባለውን የግራፊክስ ሥርዓት ይፈልጋል። የ4ኛ ትውልድ ኢንቴል ግራፊክስ ቫልካንን በሙሉ አይደግፍም። ከ6ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለው ይደግፋል። የላፕቶፓችሁን ትውልድ ሳታዩ ስቲም ላይ ዳታ አትጨርሱ።

ኳስ ለሚወድ አሮጌዎቹ የፔስ ቅጂዎች የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው በዋይን ብዙ ጊዜ ይነሳሉ። ከዚያ የሚቀለው ግን የፒኤስፒ ጌሞችን የሚያስነሳው ፒፒኤስኤስፒፒ ነው። ስልክ ላይ በዚህ ፔስ የማይጫወት ወጣት ጥቂት ነው፤ ለሊኑክስም አለ። «ሴቭዳታ» የሚለውን ፎልደር ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ከገለበጣችሁት የጀመራችሁት ሊግ ካቆመበት ይቀጥላል።

ሙሉ በሙሉ ነፃ ከሆኑትና ኢንተርኔት ከማይፈልጉት ሦስቱን ላወዳድር። ዌስኖዝ ተራ በተራ የሚጫወቱት የጦር ስልት ነው። ግራፊክሱ ቀላል ነው፤ ማሽኑ ምንም ያህል ቢደክም ይሄዳል። ማንበብ ስላለው እንግሊዝኛውን ለሚያሻሽል ልጅ እመክረዋለሁ። ዜሮ ኤዲ ደግሞ ከተማ ገንብቶ ጦር የማዝመት ጌም ነው። ከ1 ጊጋ በላይ ነው፤ ብዙ ወታደር ሲሰበሰብ የኔ ላፕቶፕ ትንተፋተፋለች። ግን ከሚመረጡት መንግሥታት አንዱ ኩሽ ነው። ከኛ ሐይቅ የሚወጣው ውሃ ታች ወርዶ የሚያልፍበት አገር፣ ፒራሚዱና ቀስተኛው ሳይቀር አለ። ስለ ግሪክና ስለ ሮም ብቻ ሲጫወት ላደገ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአቅም ጉዳይ ካልሆነ እሱን አስቀድማለሁ።

ሦስተኛው ሱፐርተክስካርት፣ የመኪና ውድድር ነው። ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ልጅ ካለ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ይህን ጫኑ። ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ያጫውታል። ሁለት ላፕቶፕ ካለ ያለ ኢንተርኔት በአንድ ዋይፋይ ያገናኛል። ግራፊክሱን ዝቅ ካደረጋችሁት በ4ኛ ትውልድም ደኅና ይሮጣል። እሑድ የታላቅ ወንድሜ ልጆች ሲመጡ አንዱ በቀስቶቹ፣ አንዷ በፊደሎቹ ትይዛለች፤ ክርናቸው እየተጋጨ አንድ ኪቦርድ ላይ ይወዳደራሉ። ለዚህ መጀመሪያ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ሁለተኛ የኪቦርድ አያያዝ መጨመር አለባችሁ። እሱን ካልጨመራችሁ ሁለተኛው ልጅ መግባት አይችልም፤ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል።